የሐሙስ ቀጠሮ

በሳምንት አንድ ቀን ዳኛ ነበርኩ። በቀሩት ቀናት ደግሞ ከባለቤቱ በተወረሰ አንድ የፒያሳ ማተሚያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ተቀምጬ የሌላ ሰው የፊደል ስህተት የምለቅም አራሚ ነበርኩ። ዳኛ የሆንኩት ሕግ ስለማውቅ አይደለም። ያ ሬሳ በየመንገዱ ይታይ የነበረበት ክፉ ጊዜ በረድ ብሎ፣ ሰው እንደገና ለስብሰባና ለምርጫ መጠራት በጀመረበት ሰሞን ነው። በቀበሌያችን አዳራሽ አንዱ ጎረቤቴ እጁን አወጣና «ታደሰ ጽሕፈቱ ያምራል፤ እሱ ይሁን» አለ። ተጨበጨበ። ሃያ ስድስት ዓመት ሳይሞላኝ የሰው ጉዳይ ላይ ፈራጅ ሆኜ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ያን ዘመን ላልደረሳችሁበት ልንገራችሁ። ቀበሌው የራሱ ፍርድ ሸንጎ ነበረው። ከነዋሪው መሀል ሦስት ሰዎች ይመረጡና የጎረቤት ጠብን፣ የቤት ክርክርን፣ ጥቃቅን ጥፋቶችን ይዳኛሉ። እኛ የምንሰየመው ሐሙስ ሐሙስ፣ በዶሮ ማነቂያ በኩል፣ ድሮ መጠጥ ቤት በነበረ ቤት ውስጥ ነበር። ጠርሙሱና መስተዋቱ ሲወሰድ ረጅሙ ባንኮኒ ከወለሉ አልነቀል ስላለ ቀረ። ዳኞቹ ከባንኮኒው ኋላ እንቀመጣለን፤ ከሳሽና ተከሳሽ ጠጪ ይቆምበት በነበረው በኩል ይቆማሉ። የሰፈሩ ልጆች «አስተናጋጆቹ» ይሉን ነበር። አልተሳሳቱም።

ሰብሳቢያችን ጋሽ በየነ ነበሩ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ስልሳ ያለፋቸው፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ፣ ሰው የማይበድሉ ሰው። ሦስተኛዋ ስንዱ ከሴቶች ማኅበር የተወከለች ስትሆን ሕፃን ስላላት ብዙ ጊዜ ትቀራለች። ስትቀር ሁለታችን እንሰማለን። ሦስት መሆን አለብን የሚል መመሪያ እንዳለ እናውቃለን፤ ግን መመሪያውን ያከበረ የለም፣ ያጉረመረመም የለም።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ። ሸንጎ ያለበት ሠራተኛ ለዚያ ቀን ከነሙሉ ደመወዙ ይፈቀድለት ነበር። የማተሚያ ቤታችን አስተዳደር ኃላፊ አቶ ለማ ይህን ሕግ እንደ እሾህ ነው የሚያየው። ወረቀት ካላመጣሁለት አይለቀኝም፤ ወረቀቱም ላይ በዚያ ሐሙስ የተቀጠረው ጉዳይ ቁጥሩ መጻፍ አለበት። «ቀጠሮ ካለ ሂድ። ቀጠሮ ከሌለ እርሳስህን ይዘህ ተቀመጥ» ይለኛል። እኔም ያንን ምድር ቤት እጠላው ነበር። ከእርሳስ ብረት የተቀረጸ የማተሚያ ፊደል ሽታ፣ ቀን ሙሉ የሚበራ አምፖል፣ አንድ ዓይነት ቅጽ ሺህ ጊዜ ማንበብ። ሸንጎው አምስት ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ቀን የኔ ነው፣ ደመወዝ የሚታሰብበት የኔ ቀን። ወዴት እንደምሄድ ፒያሳ ያደገ ሰው አይጠፋውም። ካራምቡላ ቤት።

በካራምቡላ ጎበዝ ነበርኩ። በምንም ነገር ጎበዝ ሆኜ ስለማላውቅ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ኳሱን የምመታበትን ዘንግ፣ ስቴካዬን፣ ይዤ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ስል ሰው ዝም ይላል። በዳኝነት ወንበር ላይ ያላገኘሁትን ክብር እዚያ ነበር የማገኘው። ስለዚህ የሐሙስ ቀጠሮ እንዳይጠፋ እጠነቀቅ ነበር። ጉዳዮች ሲበዙ ምንም ችግር የለም፤ ሲያንሱ ግን አንዱን «ተጨማሪ ማስረጃ ይቅረብ» ብዬ ወደ ሚቀጥለው ሐሙስ እገፋዋለሁ። በዶሮና በአጥር ጉዳይ አንድ ሳምንት ማንንም አይገድልም ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር።

የወይዘሮ ትርንጎ ጉዳይ የመጣው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ወይዘሮ ትርንጎ ሃምሳ ግድም የሆናቸው፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሴት ነበሩ። ከሁለት ወር በፊት የሞቱት አቶ ዘውዴ ሰዓት ሠሪ ነበሩ፤ የሚኖሩትም በቀበሌ ኪራይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ወይዘሮ ትርንጎ «ሃያ ሁለት ዓመት ሚስታቸው ነበርኩ» ይላሉ። የአቶ ዘውዴ የወንድም ልጅ ሽፈራው ደግሞ «ሰራተኛቸው ነበረች» ይላል። ሽፈራው ከሁለት ዓመት በፊት ከገጠር መጥቶ እዚያው ቤት የተመዘገበ፣ በኋላም አብዮት ጥበቃ ውስጥ የገባ ጎረምሳ ነው። የአጎቱ አርባ በወጣ ማግስት፣ ሴትየዋ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሲመለሱ በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ ጠበቃቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያድሩት አንዲት ጎረቤት ማድ ቤት ውስጥ ነው።

ሚስት ከሆኑ ቤቱ ይጸናላቸዋል። ሰራተኛ ከሆኑ ልብሳቸውን ይዘው ይወጣሉ። ነገሩ ይኸው ነበር።

ታዲያ ሃያ ሁለት ዓመት አብሮ የኖረ ሰው ሚስት መሆኑ እንዴት ይጠፋል ትሉ ይሆናል። በቀበሌው የቤተሰብ ቅጽ ላይ «ትርንጎ፣ የቤት ሰራተኛ» ተብሎ ተጽፏል። አጻጻፉም እንዲህ ነበር። መዝጋቢው ልጅ በየቤቱ ሲዞር በሩን የከፈቱለት እሳቸው ናቸው፤ እጃቸው ሊጥ ነክቶታል። «የቤቱ ባለቤት አሉ?» አላቸው። «ጋሼ የሉም» አሉት። በአስራ አምስት ዓመት የሚበልጧቸውን ባላቸውን አንድ ቀን አንተ ብለው፣ አንድ ቀን በስማቸው ጠርተው አያውቁም፤ እንደዚያ ነው ያደጉት። ልጁ ባሏን ጋሼ የምትል ሚስት አላየም መሰለኝ፣ «ሰራተኛ» ብሎ ጻፈና ወደ ቀጣዩ በር ሄደ። አቶ ዘውዴም ቅጹን አንብበው አላስተካከሉም። ጎረቤቱ ደግሞ ሽፈራው ጠብመንጃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ ማየትም መስማትም ተስኖታል።

የቀሯቸው አንድ ምስክር ብቻ ነበሩ።

አባባ ገብረየስ ይባላሉ። ሲጋቡ በሽማግሌነት ከቆሙት ሦስት ሰዎች ሁለቱ ሞተዋል፤ የቀሩት እሳቸው ናቸው። ከሥላሴ በታች ልጃቸው ዘንድ ይኖራሉ። በዚያ ሐሙስ ጠዋት ከዚያ ድረስ በከዘራ፣ በየግንቡ ሥር እያረፉ በእግራቸው መጡ። ባንኮኒው ጋ ሲደርሱ ትንፋሻቸው እስኪመለስ በሁለት እጃቸው ተደገፉት።

በዚያ ቀን የነበረን ጉዳይ ይኸ ብቻ ነበር። መዝገቡን ገለጥኩት። ለሚቀጥለው ሐሙስ የተጻፈ ምንም የለም። የሚቀጥለው ሐሙስ ደግሞ ከሰራተኛ ሰፈር ልጆች ጋር የመጨረሻውን ግጥሚያ የምንጫወትበት ቀን ነበር። ስቴካዬን ሦስት ወር ሙሉ ያሸሁት ለዚያ ቀን ነው።

ጋሽ በየነ «እንግዲህ አባባን እንስማና እንገላገል» አሉ።

«ጋሽ በየነ፣ ስንዱ የለችም» አልኩ።

በመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «መቼ ኖራ ታውቃለች?»

«ሦስት ካልሞላን አይፈቀድም። የቤት ጉዳይ ነው። ነገ ከበላያችን ካለው ከከፍተኛው መጥተው ለምን በሁለት ዳኛ ወሰናችሁ ቢሉን ምን እንመልሳለን? ሕግ ሕግ ነው።»

ይህን ስል ድምፄ ኮራ ያለ ነበር። ጋሽ በየነ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ያከብራሉ፤ እኔ ሕጉን ያነበብኩ ይመስላቸው ነበር። ጭንቅላታቸውን እያከኩ ወደ ሽማግሌው ዞሩና «አባባ፣ ዳኛ ጎድሎብን ነው። የዛሬ ሳምንት ቢመለሱልን?» አሏቸው።

አባባ ገብረየስ ግን የሚያዩት እኔን ነበር። «ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ የዛሬ ሳምንትን አላውቀውም። የማውቀው ዛሬን ነው። ሦስት ነበርን፤ ሁለቱን ቀብሬአለሁ። ነገሬ አጭር ነው፣ አሁን ጠይቁኝ።»

«አባባ፣ ቃልዎን ብንሰማም አይጸናም» አልኩ። «ለወይዘሮ ትርንጎም የሚጠቅማቸው ነገሩ በሕጉ ሲሄድ ነው።»

ወይዘሮ ትርንጎ አንገታቸውን ደፍተው «ጌታዬ ያሉት ይሁን» አሉ። ሽፈራው በሩ ላይ ተደግፎ «ጌታዬ የለም፣ ጓድ በይ» አላቸውና ሳቀ።

መዝገቡ ላይ «ዳኞች ባለመሟላታቸው ለሚቀጥለው ሐሙስ ተቀጥሯል» ብዬ ጻፍኩ። በዚያው ብዕር፣ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ለአቶ ለማ የምሰጠውን ወረቀት ጻፍኩ። ጋሽ በየነ ማህተሙን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ትንፋሽ ሰጡትና መቱበት። ሽማግሌው ወለሉ ላይ የወደቀ ከዘራቸውን እየፈለጉ ነበር። አልተነሳሁም፤ ስንዱ ብትኖር ታነሳላቸው ነበር።

ሰኞ ቀን ለምሳ ስወጣ ወይዘሮ ትርንጎን የማተሚያ ቤቱ በር ላይ አገኘኋቸው። ዘበኛው አላስገባቸው ብሎ ፀሐይ ላይ ቆመዋል።

«ልጄ፣ አባባ ገብረየስ ታመዋል» አሉኝ። «ያን ዕለት ሲመለሱ ነው ደረታቸውን የያዛቸው። አሁን ይናገራሉ፤ ደህና አድርገው ይናገራሉ። ቤታቸው ድረስ መጥታችሁ ቃላቸውን ብትቀበሏቸው ብዬ ነው።»

ይህ የማይደረግ ነገር አልነበረም። ቀደም ብሎ እግሯ ለተሰበረ አንዲት ሴት ቤቷ ድረስ ሄደን ቃሏን ተቀብለናል። ወይዘሮ ትርንጎም ይህን ሰምተው ነው የመጡት።

«ያለ ቀጠሮ ከሥራ አይለቁኝም» አልኳቸው። «የተፈቀደልኝ ለሐሙስ ብቻ ነው።»

«ከሥራ ስትወጣስ? ሥላሴ ሩቅ አይደለም።»

«እኔ ብቻዬን ብሄር ዋጋ የለውም። ጋሽ በየነም ስንዱም መኖር አለባቸው።»

«እነሱን እኔ እለምናለሁ። ጋሽ በየነን ለምኛቸዋለሁ፣ ታደሰ እሺ ካለ እመጣለሁ ብለውኛል።»

ነገሩ እኔው ላይ ወድቆ ነበር ማለት ነው። ቢሮ የሠራ ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚላትን ቃል ታውቃላችሁ። «እሞክራለሁ» አልኩ። እሳቸው ግን ቢሮ ሠርተው ስለማያውቁ እውነት መሰላቸው፤ መረቁኝ። እጄን ሊስሙ ሲሉ ነጠቅኳቸው።

በዚያ ቀን አስራ አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ ወጣሁ። ወደ ጋሽ በየነ ሱቅ ለመሄድ ሦስት ደቂቃ፣ ከዚያ ወደ ሥላሴ ቢበዛ ሃያ አምስት ደቂቃ ነበር። ሳይመሽ እንጨርሰው ነበር። እኔ ግን ልምምድ አለብኝ ብዬ ካራምቡላ ቤት ገባሁ። ማክሰኞም እንዲሁ። ስጫወት አንድ ሁለቴ ትዝ አሉኝ፤ ሐሙስ ቅርብ ነው ብዬ ተውኩት።

ሐሙስ ጠዋት ስንዱ ከሁላችን ቀድማ፣ ሕፃኗን አዝላ ተቀምጣ ጠበቀችን። ሦስት ሞላን። ሽፈራው የአብዮት ጥበቃ ልብሱን ለብሶ መጥቷል። ታክሲ በር ላይ ቆመና ሁለት ሰዎች አባባ ገብረየስን በወንበር ተሸክመው አስገቧቸው።

የፊታቸው ቀኝ ወገን ወደ ታች ተጎትቷል። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደተጣለ ነገር ተቀምጧል። ልጃቸው፣ እሷም ሽበት የጀመራት ሴት፣ በነጠላዋ ጫፍ አፋቸውን እየጠረገች «ከማክሰኞ ማታ ጀምሮ አይናገሩም» አለች። «ግን ይሰማሉ። ሁሉን ይሰማሉ። ካልመጣሁ ብለው በእጃቸው ሲታገሉን ነው ያመጣናቸው።»

ማክሰኞ ማታ። ሰኞና ማክሰኞ ሁለት ምሽት ነበረኝ።

ጋሽ በየነ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ምን ይሻላል?»

«በምልክት እንጠይቃቸው» አልኩ ቶሎ ብዬ። «አዎ ሲሉ ግራ እጃቸውን ያንሱ።»

ሽፈራው ከበሩ ተላቆ ወደ ባንኮኒው ተጠጋ። ሞኝ አልነበረም። «ጓዶች፣ ባለፈው ሐሙስ ሕግ ሕግ ነው ሲባል እዚሁ ቆሜ ሰምቻለሁ። ምስክር መጀመሪያ በአፉ ይምላል፣ ከዚያ በአፉ ይመሰክራል። ሽማግሌው መማል አይችሉም። በእጅ መወዛወዝ ቤት የሚወሰድ ከሆነ ነገ ስንቱ እጁን እያወዛወዘ ይመጣል?»

ጋሽ በየነ ወደ እኔ ዞሩ። «ታደሰ፣ ሕጉ ምን ይላል?»

ወዳጆቼ፣ ስለዚያ ሕግ አንድ መስመር አላውቅም ነበር። ዛሬም አላውቅም። ሕጉ ይፈቅዳል ብል የሚከለክለኝ ሰው አልነበረም። ግን ሽፈራው ያየኛል፣ ስንዱ ታየኛለች፤ የዛሬ ሳምንት በሁለት ዳኛ መስማትን ያልፈቀደ ሕግ ዛሬ በእጅ ምልክት መመስከርን እንዴት ፈቀደ ብለው ቢጠይቁኝ የምለው አልነበረኝም። መዝገቡን መገላበጥ ጀመርኩ።

ጋሽ በየነ የኔን ዝምታ እንደ መልስ ወሰዱት። ቢሆንም አላስቻላቸውም፤ ከባንኮኒው ኋላ ወጥተው ሽማግሌው ፊት ቆሙና ጎንበስ አሉ። «አባባ፣ ወይዘሮ ትርንጎ የአቶ ዘውዴ ሚስት ነበሩ?»

አባባ ገብረየስ ግራ እጃቸውን አነሱ። ጥቂት ከፍ አለና ወደቀ። እንደገና አነሱት፤ ወደ ወይዘሮ ትርንጎ ሊያመለክቱ ይሁን ሊያማትቡ አልለየም። ከጉሮሯቸው «እ... እ...» የሚል ድምፅ ወጣ። ሊናገሩ ሲታገሉ አንገታቸው ላይ ያለው ሥር ተገታተረ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

ስንዱ ሕፃኗን እያባበለች፣ በክፋት ሳይሆን በእውነት ግራ ገብቷት «አዎ ይሁን አይደለም፣ በምን እናውቃለን?» አለች።

ያን ጊዜ ወይዘሮ ትርንጎ ሽማግሌው እግር ሥር ተንበረከኩ። የወደቀውን እጅ ያዙና ጉልበታቸው ላይ መልሰው አስቀመጡት። «ይተዉ አባባ» አሉ። «አይልፉ። እግዜር ያውቀዋል፤ ይተዉ።»

ሰውን በሙሉ አስወጥተን ሦስታችን ቀረን። ስንዱ «ቅጹ ሰራተኛ ይላል። ሌላ ምንም የለንም» አለች። ጋሽ በየነ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ እየጠረጉ ቆዩ። «ልቤ ሚስት ናት ይለኛል። ግን ልቤን መዝገብ ላይ ምን ብዬ አጽፈዋለሁ? ታደሰ፣ አንተስ?»

የተለየ ሐሳብ ያለው ዳኛ ምክንያቱን በጽሑፍ ያሰፍራል። የኔ ምክንያት ምን ነበር? «የዛሬ ሳምንት እኚህ ሰው አፋቸውን ሊከፍቱ ቆመው ሳለ፣ እኔ ለጨዋታ የምወጣበት ቀን እንዳይጠፋብኝ ብዬ መለስኳቸው።» ይህን ብቻ መናገር ነበረብኝ። ጋሽ በየነ ይህን ቢሰሙ ቅጹንም ሽፈራውንም ትተው ለሴትየዋ ይፈርዱ ነበር፣ እርግጠኛ ነኝ። እኔ ከሥራዬ እባረር ይሆናል። ከዚያም የከፋ ሊመጣ ይችል ነበር፤ ዘመኑ ለትንሽ ጥፋት ትልቅ ስም የሚሰጥበት ነበር። ፈራሁ። ከፍርሃቴ በላይ ደግሞ አፈርኩ።

«እኔም እስማማለሁ» አልኩ።

የጻፍኩትም እኔ ነኝ። «ከሳሽ የሟች ሚስት መሆኗን ባለማስረዳቷ፣ በቤተሰብ ቅጹ ላይ እንደተመዘገበው የቤት ሰራተኛ ሆና ስለተገኘች፣ የግል ልብሷንና ዕቃዋን ብቻ ይዛ ትውጣ።» ያን ቀን ጽሕፈቴ ከወትሮው የበለጠ ያምር ነበር። ይህን አስታውሳለሁ፣ ራሴን በጣም ከምጠላባቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው።

ሰዎቹ ተመልሰው ገቡ፤ ጋሽ በየነ ሊያነቡት አልቻሉምና እኔ አነበብኩት። ሽፈራው ቁልፎቹን ኪሱ ውስጥ አንቀጨቀጨ። ወይዘሮ ትርንጎ ጆሯቸውን ጣል አድርገው ሰሙ፤ ስጨርስ «ሰራተኛ ነው ያላችሁት?» ብለው ጠየቁ፣ በደንብ እንዳልሰማ ሰው።

«ቅጹ ነው የሚለው» አልኩ።

«እሺ» አሉ። ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ቤቱስ ቤት ነው፣ ይቅር» አሉ። «የሳቸው አርባ ሲወጣ ቄሱ ባለቤታቸው ብለው ነበር የጠሩኝ። አሁን ተዝካሩን ሳወጣ ምን ይሉኛል?»

ጋሽ በየነ ወደ ከፍተኛው ሸንጎ ይግባኝ ማለት እንደሚችሉ፣ ማመልከቻውንም በነፃ እንደምጽፍላቸው ነገሯቸው። ወይዘሮ ትርንጎ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቀጠሮ አልችልም ጌታዬ። በሰው ማድ ቤት ነው የማድረው። ምስክሬም እኚሁ ናቸው» አሉ። የሽማግሌውን ወንበር በአንድ ወገን ይዘው ታክሲው ድረስ አብረው ተሸከሙ።

ሰዓቱ አምስት አልሞላም ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ቀጥሎ ወዴት እንደሄድኩ ልደብቅህ እችል ነበር። ሄድኩ። ካራምቡላ ቤት ሄድኩ። አልጫወትም፣ ተቀምጬ አያለሁ ብዬ ገባሁ፤ ስቴካውን ሰጡኝ፣ ያዝኩት። እስከ ማታ ተጫወትን። አሸነፍኩ። ልጆቹ ትከሻቸው ላይ አድርገው አወጡኝ። በበነጋው አቶ ለማ ወረቀቴን ተቀብሎ፣ የሐሙስን ቀን «በሥራ ላይ እንዳለ ይቆጠር» ብሎ ፈረመበት።

አባባ ገብረየስ በሦስተኛው ሳምንት አረፉ። ቀብራቸው ላይ አልተገኘሁም።

ምን ለወጠህ ብትሉኝ፣ በሚቀጥለው ምርጫ ስሜ ሲጠራ አሞኛል አልኩ። ስቴካ ሁለተኛ አልነካሁም። ጥቂት ዓመት ቆይቼ ለጋሽ በየነ ሱቃቸው ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። የስፌት መኪናቸውን አላቆሙም። ጨርቁን ዳር እስኪያደርሱት ሰፉትና ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። «ሐሙስ ሐሙስ ከዚያ ካራምቡላ ቤት ስትወጣ አይህ ነበር» አሉኝ። «ያን ዕለት ስንዱ የለችም ስትለኝም ገብቶኝ ነበር። እኔም የሚሰፋ ኮት ነበረኝ፣ ቶሎ መሄድ ፈልጌ ነበር።» እስከ ዛሬ እሳቸው ጥፋቱን ሊጋሩኝ ብለው ይሁን እውነት ሆኖ አላውቅም።

እኔ ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቄ አላውቅም። ለሠርግ አልጠየቅሁም፣ እናቴ ስትሞት ከሦስቱ የሐዘን ቀናት በላይ አልቀረሁም። ሰው በራሱ ላይ የሚፈርደው ፍርድ ምን ያህል ከንቱ እንደሆነ የገባኝ ግን ስሰናበት ነው። ማተሚያ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ሰብስቦን ለአርአያነቴ የምስጋና ወረቀት ሰጠኝ፤ በእንዲህ ያለ ታታሪነት የታወቀ ሠራተኛ የለም ተባለ፣ ተጨበጨበልኝ። ቆሜ ተቀበልኩ። ምን ብዬ እመልሰዋለሁ?

እናንተ ዛሬ ከጠረጴዛ ኋላ የምትቀመጡ ሰዎች፣ «ነገ ተመለሱ» ማለት ክፋት አይመስልም። ድምፅ እንኳን ከፍ አያደርግም። እኔ ማንንም አልመታሁም፣ ከማንም እጅ ምንም አልተቀበልኩም። አንድ ሳምንት ብቻ ነው የወሰድኩት፣ ያም የኔ አልነበረም።

ወይዘሮ ትርንጎን ከዚያ በኋላ ያየኋቸው አንድ ጊዜ ነው። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ከጊዮርጊስ ወደ አትክልት ተራ በሚወስደው መንገድ ላይ። አንዲት በኔ ዕድሜ ያለች፣ ጃንጥላ የያዘች ሴት ከፊት ትሄዳለች፤ እሳቸው ከኋላዋ ከባድ ዘንቢል ተሸክመው ይከተላሉ። ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። መሸሽ አልቻልኩምና ባርኔጣዬን አውልቄ ጎንበስ አልኩ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ወይዘሮ ትርንጎ።»

መጀመሪያ ያዩት እኔን አይደለም። ከፊት ወደምትሄደው ሴት አዩ፤ ሰምታ እንደሆነ። ከዚያ ዘንቢሉን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መለሱልኝ። ቂም አልነበረበትም፤ የሚለምን ሰው ድምፅ ነበር።

«ወይዘሮ አትበለኝ ልጄ፤ እትዬ አይወዱም።»

ሴትየዋ ዞር ብላ «ትርንጎ፣ ነይ እንጂ» አለች። እሳቸውም ሄዱ።